ቀለም ቁጥር ዜሮ

እማማ ሶልያና በገዛ ቤታቸው ጣሪያ ሰጥመው ሁለት ጊዜ ወደቁ። ደንቡ ለአንድ ነዋሪ የሚፈቅደው ሦስት ነፍስ ነው። በየካቲት 2068 ዓ.ም. ወደ መስኮቴ ሲመጡ የቀረቻቸው አንዲት ነፍስ ነበረች፤ እሷም ለሐሙስ ተቀጥራለች።

እኔ ባስልኤል እባላለሁ፤ በሰፈር ምስል ጽሕፈት ቤት የጡብ ሠዓሊ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን አንድ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ሰፈሩን ወደ ዝላይ ጨዋታ ይለውጠዋል። ከዚያ ሰፈሩ ይፈርሳል፣ ነዋሪው ደግሞ ጨዋታውን በስልኩ ይዞ ወደሚሄድበት ይሄዳል። እሁድ እሁድ ገብቶ ይሮጥበታል፣ ከጎረቤቱ ጋር ግንብ ላይ ቆሞ ያወራል፣ ለቅሶም ይደርሳል። ማን የት ይኖር ነበር የሚለው ክርክርም የሚፈታው እዚያው ነው፤ ሌላ የቀረ ነገር የለማ።

አፈታቱ ምስክር ዝላይ ይባላል። ነዋሪው ከሰፈሩ መግቢያ ተነስቶ፣ ሮጦና ዘሎ፣ የእኔ ነው በሚለው ነገር ላይ ሠላሳ ሰከንድ ይቆማል። ሦስት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያያሉ። ከቆመ ምትክ ቤት ያገኛል። ከወደቀ ሌላ ቀን ይቀጠራል። ሦስተኛውን ከወደቀ መዝገቡ ይዘጋል፤ ሰፈሩም ከስልኩ ላይ ይነሳል፤ እዚያ ያልኖረ ሰው እዚያ ምን ይሠራል ተብሎ ነው።

ሥዕሉን ለምን ሰው ይሠራዋል የሚል አይጠፋም። ድሮ የሚሠራው ማሽን ነበር። ማሽኑ ቸር ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት በረንዳ፣ ለእያንዳንዱ በረንዳ አበባ ጨመረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሺህ ሰው በረንዳዬ የት አለ ብሎ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በእጅ ነው። ሰው ያየውን እንኳ አሳንሶ ስለሚስል መሥሪያ ቤቱ ይመርጠዋል።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ጡብ የምንለው ሠላሳ ሁለት ነጥብ ወርድ፣ ሠላሳ ሁለት ነጥብ ቁመት ያላት ትንሽ ሥዕል ናት፤ ነጥብ ማለት ስልክ ላይ የምትታየው ትንሿ የቀለም ፍንጣቂ ናት። ለአንድ ሰፈር ስድሳ አራት ጡብ ይፈቀዳል። እማማ ሶልያና የኖሩበት ዋንዛ ሰፈር አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነበረው፤ ሁሉም ከእነዚያው ስድሳ አራት ጡቦች ተገጣጥሞ ነው የወጣው። አንድ የዛገ ቆርቆሮ ስስል ያው ቆርቆሮ መቶ ሰባ ቤት ላይ ይወጣል። ነዋሪዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ሆኖም «ያቺ የኔ ዝገት ናት» ብለው ሲጣሉ ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከሰፈር ሰፈር አይለይም ተብሎ የጋራ ጡብ ሆኗል፤ የመብራት ምሰሶ፣ የቧንቧ ውሃ፣ የቦይ ክዳን። እነዚህን ስቀጠር ነው ያገኘኋቸው፤ ማን እንደሳላቸው የሚያውቅ የለም።

ዋናው ነገር ግን የፊትና የኋላ ጉዳይ ነው። የፊት ሥዕል ጠንካራ ነው፤ ይቆሙበታል፣ ግንባርም ይገጩበታል። የኋላ ሥዕል ለማየት ብቻ ነው፤ ሰማይ፣ ጋራ፣ ጭስ። ባለፈው ዓመት የአንድ ሰፈር ዕድር ድንኳን በስህተት የፊት ሥዕል ላይ ዋለ። ለቅሶ ደራሾቹ መግባት አቃታቸውና ጣሪያው ላይ ተሰልፈው አለቀሱ። ለቅሶው ደምቆ እንደነበር ሰምቻለሁ።

የሚሮጠው ሰውዬም የእኔ ነው። ነዋሪ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ያው አንድ ሰውዬ ነው፤ ሃያ አራት ነጥብ ቁመት፣ ቡናማ ኮት። ለመራመድ አራት ምስል ስዬለታለሁ፣ ለመዝለል ሁለት። ዝም ብሎ ሲቆም ድንጋይ እንዳይመስል ብዬ ደግሞ፣ ከሃያ ሰከንድ በኋላ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እንዲያስር አድርጌዋለሁ።

እማማ ሶልያና ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ስማቸው ዛሬ የአሮጊት ስም ነው፤ እሳቸው ሲወለዱ የሕፃናት ስም ነበር ይባላል። መስኮቴ ጋ ሲደርሱ ስልካቸውን በመስታወቱ በኩል አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ሰውዬ የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ደህና ኮት አልብሰኸዋል። ግን ቤቴ ላይ አይቆምልኝም። ዘልዬ እደርሳለሁ፣ ከዚያ እንደ ጉም አልፌው ቦዩ ውስጥ ነኝ።»

«ቤትዎ የትኛው ነው?»

ጣታቸውን አነሱና በትከሻዬ ላይ አሳልፈው ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ጠቆሙ። «ያውልህ።»

ከኋላዬ የተሰቀለው የ2065 ዓ.ም. የምርጥ የኋላ ሥዕል ሽልማት ነው። የሳልኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ትልቅ ግንብ ቤት ኋላ ብቅ ያለች ሰማያዊ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፊቷ የተዘረጋ ገመድ፣ ገመዱ ላይ ስድስት ነጭ ልብስ። ልብሶቹ በሦስት ምስል ይወዛወዛሉ። ሰውዬው ከፊት ሲሮጥ እነሱ ከኋላ ቀስ ብለው ይከተሉታል። ዳኞቹ «አየሩ ይሸታል» ብለው ነበር የጻፉት።

ከፎቶ ነው የሳልኩት። ሰው ይኖርባታል ብዬ አላሰብኩም ማለት ውሸት ይሆንብኛል፤ ስለ ሰው ጭራሽ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ሰማያዊው ነው። ወደ ኋላ ስትሆን ታምራለች ብዬ ወደ ኋላ አደረግኋት፤ እውነትም አማረች።

«ከጋሽ ያብስራ ቤት ጀርባ ቀጥዬ የሠራኋት ናት» አሉ እማማ ሶልያና። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፈሩን ልብስ አጥቤባታለሁ። አሁን ሦስት ዓመቴ ነው የእህቴ ልጅ ሶፋ ላይ። ቤቴን በስልክ አያታለሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።»

«ሥዕሉን አዩት?» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፌ በመውጣቱ እስካሁን አፍራለሁ።

«ቆንጆ ነው» አሉ። ቀረብ ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ። «አንሶላው ግን እንዲህ አይሰጣም። እኔ ለሁለት አጥፌ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አግጥሜ ነው። ይሄ የሰነፍ ስጥ ነው።»

ጉዳዩን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ ኪሩቤል ገባሁ። አቶ ኪሩቤል ለጡረታ ሰባት ወር ቀርቷቸዋል፤ የቀን መቁጠሪያቸው ላይ እያንዳንዱን ቀን በቀይ ይሰርዛሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንቡን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል፣ ይኸው ነው።

«አንድ ቤት ወደ ፊት መምጣት አለበት» አልኳቸው።

«ሰፈሩ ታትሟል?»

«ታትሟል።»

«እንግዲያው አይመጣም።»

«ሰው ይኖርበት ነበር እኮ።»

«የኋላ ሥዕል ላይ?» መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። «ከኋላ ያለው ውበት ነው፣ ባስልኤል። ውበት ላይ ሰው አይኖርም። ዛሬ አንዷን ብናመጣ ነገ እስካሁን የታተመው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰፈር ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት ልምጣ ይላል። ደግሞስ ተሸልመህበታል። በስህተቴ ነው የተሸለምኩት ልትል ነው?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። «ላስብበት» አልኩ።

«አስብበት። ልትነካካው ካማረህ ቀለም ማደስ ትችላለህ። ዝገት፣ ሻጋታ፣ የዝናብ ነጠብጣብ፤ ቅጽ ዘጠኝን ሞልተህ። አንድ ጡብ በዓመት አንዴ። ነገር ማንቀሳቀስና ነገር መጨመር ክልክል ነው።»

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ቅጽ ዘጠኝን አነበብኩ። አሥር ዓመት ስሞላው ኖሬ አንብቤው አላውቅም ነበር። ከጀርባው የተፈቀዱ ቀለሞች ዝርዝር አለ፤ አንድ ጥቁር፣ ሁለት ቡናማ፣ ሦስት የዝገት ቀለም እያለ እስከ አሥራ አምስት ይሄዳል። ከሁሉም በላይ፣ ከአንድ በፊት፣ አንድ መስመር ነበረች፦ «ቀለም ቁጥር ዜሮ፤ ባዶ»።

ይህን ማንኛውም የጡብ ሠዓሊ ያውቀዋል። ጡቡ ላይ ምንም ያልተሳለበት ነጥብ ዜሮ ይባላል፤ በእሱ በኩል ከኋላ ያለው ይታያል፣ ሰውዬውም ያልፍበታል። ቀለም ብሎ ያሰበው ግን ማንም አልነበረም። ቅጹ ግን ቀለም ነው ይላል፤ ቀለም ከሆነ ደግሞ ይታደሳል።

እማማ ሶልያና ገና አልሄዱም ነበር፤ ከጥበቃው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠራኋቸው።

«እማማ፣ ገመድዎን ከምን ጋር ነበር የሚያስሩት?»

«ከመብራቱ ምሰሶ ነዋ። ከኋላ የሚኖር ሰው አጥር የለው፣ ከምን ያስራል? ሁላችንም እዚያው ነው።»

«ከፍታው እስከ ምን ድረስ ነበር?»

እጃቸውን ዘረጉ፤ አልበቃቸውም። «በርጩማ ላይ ቆሜ ነው የማሰጣው» አሉና ወደ ጥበቃው ዞሩ። «አንተ፣ ያቺን በርጩማ አቀብለኝ።»

ጥበቃው ባለጉዳይ በርጩማ ላይ የሚወጣበት ፈቃድ አላየሁም ብሎ ተከራከረ። እሳቸው ግን ወጥተው ነበር። ክንዳቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። እኔ ከውስጥ በኩል በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ሲወርዱ መዳፋቸው መስታወቱ ላይ ታትሞ ቀረ። ለካሁት፤ ከቁመታቸው አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። በሰውዬው ሠላሳ ስድስት ነጥብ ማለት ነው። ሰውዬው የሚዘለው አርባ ነው።

ለባለጉዳይ ምክር መስጠት ያስቀጣል። ስለዚህ «ሐሙስ ልብስ ሊያሰጡ እንደሚወጡ ሆነው ይሂዱ» ብቻ አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። «እርጥብ ነው ደረቅ?» አሉ፤ መልስ ሳይጠብቁም ወጡ።

በምሳ ሰዓት የምሰሶውን ሥዕል ከፈትኩ። የመብራት ምሰሶ የፊት ሥዕል ነው፣ ሦስት ጡብ፤ እግር፣ ወገብና ራስ። በወገቡ ጡብ ላይ ምሰሶው የሚይዘው ስድስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ሃያ ስድስቱ ዜሮ ነው። ከታች አራተኛው መስመር ላይ ሃያ ስድስቱን ዜሮ ወደ ሁለት ለወጥኩ፤ ቡናማ። ገመዱ አንድ ነጥብ ውፍረት አለው። በሕይወቴ የሳልኩት ትንሹ ሥዕል ነው። ቅጽ ዘጠኝ ላይ የእድሳት ምክንያት በሚለው ቦታ «እርጅና» ብዬ ሞላሁ። ሳንድዊቼን ሳልጨርስ «ተፈቅዷል» የሚል መልስ መጣ።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ አቶ ኪሩቤል መሐል ተቀመጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በስተቀኝ ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ጋሽ ያብስራ ናቸው፣ የግንብ ቤቱ ባለቤት። እሳቸው በመጀመሪያ ነፍሳቸው ቆመው ሃያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አግኝተዋል። እኔ እንደ ሠዓሊነቴ ጥግ ላይ እቆማለሁ፤ ሥራዬ ጡቡ የታተመው ጡብ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

እማማ ሶልያና መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ጀመሩ። ትልቁ ሰሌዳ ላይ ቡናማ ኮት የለበሰው ሰውዬ ከሰፈሩ መግቢያ ተነሳ። ዋንዛውን አለፈ። ቦዩን ዘለለ። ቧንቧው ጋ ቆም አለ፤ ለምን እንደቆሙ አላወቅሁም፣ ምናልባት ልማድ ነው። የጋሽ ያብስራን የግንብ አጥር ወጣ፣ በሌላው በኩል ወረደ፣ ምሰሶው ሥር ደረሰ። ከኋላው የእኔ ሰማያዊ ጣሪያ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አንሶላዎቹ ይወዛወዛሉ።

ዘለሉ። ሰውዬው ወደ ላይ ወጣና መውረድ ሲገባው አልወረደም። አየር ላይ ቆመ።

አቶ ኪሩቤል መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሰዓቱ መቁጠር ጀምሮ ነበር። አምስት። አሥር። አሥራ አምስት ላይ የጫማው ክር ትዝ አለኝ።

ከሃያ ሰከንድ በኋላ ሰውዬው ጎንበስ ይላል። ያን ጊዜ የግራ እግሩ አንድ ነጥብ ወደ ላይ ይነሳል፣ ቀኙ ደግሞ አንድ ነጥብ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ግንብ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ገመዱ ግን ያው አንድ ነጥብ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ከጫፉ ስንት ነጥብ ርቆ እንደቆመ ከጥጉ አይታየኝም። እንዳይነቃነቅ የሚያደርገው ቁልፍ የለም። ሰው እንዲመስል ብዬ እኔው ነኝ ያስጎነበስኩት። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሃያ። ሰውዬው ጎንበስ አለ። ግራ እግሩ ተነሳ። ቀኙ ተንሸራተተ። ክሩን አሰረ፣ አንዴ ሳብ አደረገው፣ ቀና አለ። ገመዱ ላይ ነበር።

ሠላሳ።

«ምን ላይ ነው የቆሙት?» አሉ አቶ ኪሩቤል።

«ገመዴ ላይ።»

«ገመድ አይታየኝም።»

ሰሌዳው ጎልቶ እንዲታይ ተደረገ። ሃያ ስድስት ቡናማ ነጥብ። አቶ ኪሩቤል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ይህ ገመድ የማን ነው?»

«የሷ ነዋ» አሉ ጋሽ ያብስራ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አንገቴን ደፍቼ አልፌበታለሁ። ዝቅ አድርጊው ስላት ልብሱ መሬት ይነካል ትለኛለች፣ ከፍ አድርጊው ስላት እጄ አይደርስም ትለኛለች። አንድ ጊዜ ባርኔጣዬን አስቀርቶብኛል። የሷ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

«የኔም አንሶላ ተሰጥቶበታል» አሉ ሁለተኛው። ሦስተኛው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ኪሩቤል አሁን ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ ነው የተሳለው?»

«አልተሳለም። ቀለም ነው የታደሰው።»

«ከምን ቀለም?»

«ከዜሮ።»

ደንቡን በቃላቸው ያውቁታልና በውስጣቸው ፈተሹት። ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ ይንቀሳቀስ ነበር። በመጨረሻ ማኅተሙን አነሱና መዝገቡ ላይ አሳረፉት። እማማ ሶልያና ቤት አገኙ።

ሲወጡ አቶ ኪሩቤል አጠገቤ ቆም አሉ። «በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች» አሉኝ። «ሰው የሚኖርበትን ቤት ወደ ኋላ የሳለ ሠዓሊ ሽልማት ሊኖረው አይችልም። አውርደው።»

ወርጄ ከግድግዳው ላይ አነሳሁት። የት እንደማደርገው ሳላውቅ ይዤው ቆሜ ሳለ እማማ ሶልያና መስኮቱ ጋ መጡ።

«ልትጥለው ነው?»

«እንግዲህ ምን አደርገዋለሁ።»

«አምጣው፣ አዲሱ ቤት ባዶ ግድግዳ ነው አሉኝ።» በመስታወቱ ሥር አሾልኬ ሰጠኋቸው። በመሐረባቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና እንደገና አዩት። «አንሶላውን ግን ታስተካክልልኛለህ።»

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ በሩ አልከፈት አለኝ። ከውስጥ በኩል ሰው ተደግፎት ነበር። ሰልፉ ከመስኮቴ ተነስቶ፣ ደረጃውን ሞልቶ፣ ወደ ኋላኛው በር ወጥቶ አጥሩን ዞሯል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሽማግሌዎችም አሉ፤ ሁሉም ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የአነጋገራቸው ሁኔታ ከአንድ ሰፈር እንዳልመጡ ያሳብቅ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የምሰሶው ወገብ የጋራ ጡብ ነው። አንድ ጊዜ ተስሎ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ሰፈር ውስጥ ይቆማል። ሐሙስ ላይ አንድ ገመድ ብቻ ያሰርኩ መስሎኝ ነበር።

አቶ ኪሩቤል በሕዝቡ መሐል ተጋፍተው ደረሱ። ክራባታቸው ወደ ትከሻቸው ዞሯል። «ወደ ዜሮ መልሰው» አሉኝ። «አሁኑኑ። ቅጽ ዘጠኝ ሙላና መልሰው።»

«አንድ ጡብ በዓመት አንዴ ነው የሚታደሰው» አልኳቸው። «እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

ሰልፉን አዩ። ከዚያ ቢሯቸው ገቡ፤ ሲመለሱ ማኅተሙንና ወንበራቸውን ይዘው ነበር። ከእኔ መስኮት ጎን ያለው መስኮት እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ ዝግ ነው። መቀርቀሪያው ዝጎ ሁለት ጊዜ በቡጢ መቱት፤ ተከፈተ።

የእኔን መስኮት ከፈትኩ። መስታወቱ ላይ የእማማ ሶልያና መዳፍ አሁንም ነበረ። መጀመሪያ የቆሙት እናት ስልካቸውን አንስተው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ገመዴ ተመለሰልኝ» አሉ። «ግን ሁለቴ ወድቄ የቀረችኝ አንዲት ነፍስ ናት።»

«አንዷ ትበቃለች፣ እማማ» አልኳቸው። «በርጩማ ላቅርብልዎ?»